አምብሮዝ ቆጥ ላይ የተወው ጣውላ

ዶሪን የተወለደችበት መንደር ዛሬ ሰው የለበትም። በተራራና በዝግባ ደን በታጠረ የባሕር ክንድ ዳር የተደረደሩ አሥራ አራት ቤቶች ነበሩ። ስምንት ዓመቷ ሳለ የመንግሥት ሰዎች በጀልባ መጥተው፣ «ትምህርት ቤቱም ሐኪሙም ያለው ከተማ ነው፤ እዚህ ምንም አይላክላችሁም» አሉ። በዚያው መከር ሰዉ ጓዙን ጫነ። አባቷ አምብሮዝ ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን ዓሣ የሚያጨስባትን ጎጆ ሲጠግን ነበር። ጎጆዋን የሠራት ነፋስ የጣለውን አንድ ትልቅ ቀይ ዝግባ በሽብልቅ እየሰነጠቀ ነው፤ መጋዝ አላስነካትም።

«አባዬ፣ ልንሄድ አይደል? ለምን ትጠግናታለህ?» አለችው።

«ስንመለስ ዓሣው የት ይሰቀላል?»

አልተመለሱም። አምብሮዝ ከተማ በገባ በአራተኛው ዓመት ሳንባውን ታሞ ሞተ። ዶሪን ካደገች ወዲያ ያቺን መልስ የልጅ ማባበያ አድርጋ ቆጠረቻት። አባቷ ያን አገር በቀላሉ እሺ ብሎ መልቀቁ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ አብሯት አረጀ።

ከተማው የሰጣት ቤት በሙጫ ከተጣበቀ ስስ ጣውላ የተሠራ ነበር። ዝናቡ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ስለማያቋርጥ ቀለሙ በየሁለት ዓመቱ ይላጣል፤ ግድግዳው ከውስጥ ይሻግታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በዓሣ ፋብሪካ ሠራች፤ ሦስት ልጆች አሳድጋ ዳረች፤ ባሏን ቀበረች። የዝግባ ግንድ የጫነ መኪና በመንገዱ ሲያልፍ ግን የያዘችውን ይዛ፣ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ባለችበት ቆማ ትቀር ነበር።

ስልሳ ሰባት ዓመት በሞላት በጋ ዓሣ የምታሰጣበት የበረንዳዋ ደረጃ ከእግሯ ሥር ተሰብሮ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። የሰፈሩ አናጢ ሌስተር አረንጓዴ የተቀባ የሚመስል እንጨት ይዞ መጣ።

«አክስቴ፣ ይኼ መድኃኒት ውስጥ የተነከረ ነው። ትል አይነካውም።»

«ትል የተጸየፈውን እኔ ዓሣ ላሰጣበት? ዝግባ እኮ ማንም ሳይነክረው ትል አይደፍረውም። ይዘህልኝ ሂድ።»

«ከየት ላምጣልሽ? ደህና ደህናው ዝግባ ተጭኖ ባሕር ማዶ ነው የሚሄደው።»

እያነከሰች ታላቅ ወንድሟ ዊልፍሬድ ዘንድ ሄደች። እሱ ገና ጀልባውን አልሸጠም ነበር።

«ውሰደኝ» አለችው።

«ወዴት?»

«ጠፍቶህ ነው?»

ዊልፍሬድ ሳቀ። «እታለም፣ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው! የአባባ ጎጆ እንደኔ ጥርስ ረግፋ አልቃለች።»

«ያንተን ጥርስ የጨረሰው ከረሜላ ነው። ሞተሩን አስነሳ።»

ስድስት ሰዓት ሙሉ በውኃ ላይ ሄዱ። ሲደርሱ ከአሥራ አራቱ ቤት አንድም የቆመ የለም። ከከተማ በተገዛ ጣውላ የተሠሩት ሁሉ በስብሰው አፈር ሆነዋል፤ የብረት ምድጃዎቹ እንኳ በእጅ ሲነኩ እንደ ቂጣ ይፈረካከሳሉ። ዶሪን ዛፍ የበቀለባቸውን ደጃፎች እያለፈች ማን እዚህ፣ ማን እዚያ ይኖር እንደነበር ለራሷ ትጠራለች። ዊልፍሬድ መቀለዱን ተወ።

ጎጆዋ ከወንዙ አፍ ላይ ቆማ ነበር። ትንሽ ወደ ባሕሩ አዘንብላለች፤ ጣራዋን ሽበት የመሰለ ነገር ወርሶታል፤ ግድግዳዋም እንደ አሮጌ ብር አመድማ ሆኗል። ዊልፍሬድ ጩቤውን አውጥቶ ምሰሶዋን ወጋ። ከጥፍር ውፍረት በላይ አልገባለትም። ግራጫውን ፋቅ ሲያደርገው ከሥሩ ቀይ እንጨት ወጣ፤ ትናንት የተፈለጠ ይመስላል። ሽታው ተነሣ። ዶሪን ግንባሯን እንጨቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። የአባቷ ሸሚዝ ነበር እንዲህ የሚሸተው።

«እታለም» አለ ዊልፍሬድ ከውስጥ፤ ድምፁ ተለውጧል። «እስቲ ነይ።»

ከቆጡ ላይ ሠላሳ ዘጠኝ ጣውላ በዝግባ ልጥ ታስሮ ተደርድሯል። ሁሉም በሽብልቅ የተሰነጠቀ፣ ጫፍ ጫፉ እንዲጋጠም የተጠረበ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ቆይቶ አንዱም አልጣመመም። ዊልፍሬድ አንዱን በእጁ ዳሰሰው።

«ይኼ የጎጆ አይደለም። የቤት ግድግዳ ነው። ተመልሶ እዚሁ ቤት ሊሠራ ነበር።»

ዶሪን ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እንግዲያው የምሩን ኖሯል» አለች።

«ነግሮሽ አልነበር?»

«ነግሮኝ ነበር። እኔ ነኝ ያላመንኩት።» ከዚያ በኋላ እጇን አፏ ላይ ጭና ለብዙ ጊዜ አለቀሰች፤ ወንድሟም አጠገቧ ተቀመጠ።

አራት ቀን ቆዩ። ዓሣ አጥምደው አጨሱ። ለበረንዳዋ የሚበቃ አሥራ አንድ ጣውላ ወረደ፤ ዝግባ ቀላል በመሆኑ ሁለቱ አዛውንቶች በትከሻቸው ተሸክመው ጀልባ ላይ አደረሱት። ዶሪን አንዲት ለጋ ዝግባ አጠገብ ቆማ ዛፏን ራሷን ፈቃድ ጠየቀች፤ ልጧን ልጣ የቀረውን ሃያ ስምንት ጣውላ ራሷ መልሳ አሰረችው።

ሌስተር መሣሪያውን ይዞ ሲመጣ ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰደችው።

«በረንዳው እዚህ ይሁን» አለችው። ያ ወገን ወደ ምዕራብ፣ ወደ መንደሩ አቅጣጫ ነው።

«አክስቴ፣ በዚህ በኩል በር የለሽም እኮ!»

«መጋዝ ይዘህ የለ? ቁረጠዋ።»

ራሱን እየነቀነቀ ቆረጠው። ሥራው ሲያልቅ ስለ ቀለም ጠየቃት።

«እንዳታስነካው። ይሸብት።»

በሚቀጥለው ዓመት የዊልፍሬድ ዓይን ደከመ፤ ጀልባውም ተሸጠ። ዶሪን ዝናብ በጣለ ቁጥር በዚያ በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ትቀመጣለች። እንጨቱ ሲረጥብ ሽታው ይበረታል። ከወደብ በኩል ለዓሣ የሚወጣ ሰው ስታይ እየተጣራች፣ «ወደ መንደራችን ዘልቃችሁ ትሄዳላችሁ? እዚያ ጣውላ አለኝ» ትላለች። እስካሁን እዚያ ድረስ የሚዘልቅ አልተገኘም።