ለጀናዛ ያዋስኩት መብራት

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ በሠራሁት መብራት እየተኩራራሁ ነበር... (የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፣ ማን ናቸው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።)

ጀጎል ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ። መብራቷ ከተጣለ ፕሮጀክተር ሆድ ያወጣኋት፣ ጥፍር የምታክል ኤልኢዲ ናት። ባትሪ ላይ በቀጥታ ከሰካችኋት ወዲያው ተቃጥላ ታርፋለች፤ ሁለት እህቶቿን የጨረስኩት እንደዛ ነው። ለዚህችኛዋ ግን ከልኳ በላይ እንዳትስብ የሚቆጣጠር ሰርኪት ሠራሁላት። ጀርባዋን ከፕሮጀክተሩ የመዳብ ማቀዝቀዣ ጋር አጣብቄ ማራገቢያ ገጠምኩላት። ሌንሱን ከፊቷ አድርጌ ብርሃኑን ስሰበስበው፣ ወላሂ በጨለማ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ግንብ ስንጥቅ በስንጥቅ ታያላችሁ። ጣሪያ ላይ ሰቅዬ ልሠራባት ስላሰብኩ፣ ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን በረጅም ገመድ ወደ እጄ አወረድኩት።

ሐጃ ሩቂያ መጥተው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። በሰፈራችን ሴት ስትሞት የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው።

«ነስሩ ልጄ፣ ያቺን መብራትህን ይዘህ ተከተለኝ። ኢክራም ሞታለች።»

ኢና ሊላሂ... ኢክራም ጎረቤቴ ናት። ከገጠር፣ ከድሬ ጠያራ ተድራ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የስልኳን ስክሪን አራት ጊዜ ቀይሬላታለሁ። «እጄ ዕቃ አይይዝም» እያለች ትስቅ ነበር፣ እኔም አብሬያት እስቅ ነበር።

ባሏ ደጁ ላይ ቆሞ ሰው ያጽናናዋል። «ከደረጃ ወድቃ ነው» ይላል ለመጣው ሁሉ። ታጥባ ጀናዛው ለቀትሩ የዙህር ሶላት መድረስ አለበት። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሁለተኛ ቀኑ ነው፣ የምትታጠብበት የውስጥ ክፍል መስኮት የለውም። ባትሪ ተሸክሜ ሲያየኝ ባልየው ፊቱን አጨማደደ።

«አቦ፣ በሻማም ይበቃ ነበር። ምን አስቸገሩህ?»

ለእኔ ያሰበ መሰለኝ። «ኧረ ምንም አይደል» ብዬ አለፍኩ።

ወንድ ነኝና ወደ ውስጥ መግባት አይታሰብም። መብራቷን ለሐጃ ረዳት ለሰሚራ በበሩ መጋረጃ ስር አቀበልኳት፣ ሚስማር ላይ ሰቀለቻት። እኔ ከመጋረጃው ውጪ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ባትሪው እግሬ ስር፣ ማዞሪያው እጄ ላይ።

«ጨምር ልጄ» አሉ ሐጃ።

ጨመርኩ። ብርሃኑ በመጋረጃው ስር አልፎ እግሬ ድረስ መጣ። በዚያ ሰዓት እንኳን... ይቅር ይበለኝና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ውሃ ሲፈስ ይሰማኛል፣ ሐጃ ቀስ ብለው ዱዓ ያደርጋሉ።

ከዚያ ውሃው ቆመ።

«ሐጃ... አንገቷን እዩት...» የሰሚራ ድምፅ ነው። «ይሄ እኮ የጣት ምልክት ነው። በዚህም በኩል አለ።»

«ዝም በይ!»

ማዞሪያውን እንደያዝኩ ጀርባዬን ቀና አደረግኩ።

«ነስሩ።»

«አቤት ሐጃ።»

«መብራቱን ቀንስልን።»

«ምነው፣ ሞቀ እንዴ? ማራገቢያው ቆመ?» አልኩ። እየዞረ እንደሆነ እየሰማሁ ነው... ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው እንጂ።

«አልሞቀም ልጄ። ቀንስ ብቻ።»

ቀነስኩ።

ታጥባ ተከፈነች። ሐጃ መብራቷን ይዘውልኝ ሲወጡ ጥግ ወስጄ ጠየቅኳቸው። «ሐጃ፣ ምንድነው ያያችሁት?»

«አጣቢ ያየውን ይሸፍናል። የሸፈነን አላህ ይሸፍነዋል። አንተም የሰማኸው ነገር የለም።»

«እሱ እኮ ስለ ሟች ገበና ነው ሐጃ! ይሄ የሷ ነውር አይደለም። ለፖሊስ ሳይነገር ከተቀበረች...»

ክንዴን ጨበጡኝ። እጃቸው ገና እርጥብ ነው። «ወንድሞቿን አታውቃቸውም። ዛሬ ይህ ከተነገረ ከዚህ ደጅ የሚወጣው አንድ ጀናዛ አይሆንም። ያ ረቢ... ቀብሩ ይለፍ ልጄ።»

ቀብሩ አለፈ። እኔም ተሸክሜያለሁ፣ አፈርም መልሻለሁ። ባሏ ከጎኔ ነበር።

ከቀብር እንደተመለስኩ አንዲት እናት ሱቄ ገቡ። ጫማቸው የገጠር አቧራ ለብሷል። የኢክራም እናት ናቸው፤ ከድሬ ጠያራ ሲደርሱ ልጃቸው ለቀብር ወጥታለች።

«መብራት ያመጣኸው አንተ ነህ አሉኝ።»

«አዎ እናቴ። ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። «ጥሩ ብርሃን ነበር? በደንብ አይተዋታል?»

ወንበሩን ወደሳቸው ገፋሁት።

«ሰሞኑን ስትደውልልኝ ድምጿ ደስ አይለኝም ነበር። ሆዴ እንቢ አለኝ። ግን... የሆነ ነገር ቢኖር ሐጃ ያዩት ነበር፣ አይደል? ጥሩ ብርሃን ከነበረ ይታያል፣ አይደል ልጄ?»

ወላሂ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። የሐጃ ነገር፣ የወንድሞቿ ነገር፣ የባልየው ፊት... ሁሉም ባንዴ መጣብኝ።

«ጥሩ ብርሃን ነበር» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉና አለቀሱ። ልባቸው አረፈ። እጄን ይዘው መረቁኝ፣ ከዚያ ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው ብለው ወጡ።

ዛሬ ሰኞ ነው። ባልየው ጠዋት ሰላም ብሎኝ አለፈ፣ እኔም መለስኩለት። ሐጃ አጣቢ ናቸው፣ መሸፈን ግዴታዬ ነው ይላሉ... እኔ አጣቢ አይደለሁም፣ ታዲያ የሸፈንኩት ማንን ነው?