የአትባራ መርዶ

አባቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም የያዘውን ሰው ስለ ወንዝ ሳያስረዳ አይለቅም። ከወለቃ ሽቅብ ወደ ኮሶዬ በወጣን ቁጥር ማኪና ያስቆማል። እዚያ ጋራ ላይ የጣለ ዝናብ ሁለት ይከፈላል። በወዲህ በኩል የወረደው በመገጭ አድርጎ ጣና ይገባና ዓባይ ሆኖ ይወጣል፤ በወዲያ በኩል የወረደው በአንገረብ የአርማጭሆን ቆላ ይዞ ሱዳን ይገባል፣ አትባራ ይባልና መልሶ ዓባይን ያገኘዋል። እኔ «ኧረ አባዬ፣ ረፈደብን!» እላለሁ። ታናሽ ወንድሜ ግን አፉን ከፍቶ ይሰማዋል።

ወንድሜ ሥራ ፍለጋ ሱዳን ገባ። አንድ ቀን ደውሎ «አባዬ፣ ያልከኝ የወንዞቹ መገናኛ ላይ ቆሜያለሁ» ቢለው አባቴ ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ ከረመ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ስልኩም ተዘጋ። እናቴ መብላት አቃታት። አባቴ «ልጄ አለ» ብሎ ሙጭጭ አለ።

አንድ ማለዳ እናቴ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች ሽማግሌዎች ከሳንጃ የመጣ ጎልማሳ ይዘው ገቡ። በማለዳ ተሰብስቦ የሚመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? ጎልማሳው ከወንድሜ ጋር አብሮ ይሠራ ነበር።

«ሸጋ ልጅ ነበር» አለ። «የካቲት ላይ ወባ ጣለው። ከአትባራ ወንዝ ማዶ ቀበርነው።»

አባቴ ማልቀሱን ትቶ እንደ ተማሪ ይፈትነው ጀመር። ወንዙ ከየት ይነሳል? የትኛው ከየትኛው ይገባል? ሰውየው ግራ ተጋብቶ አንዱን ከአንዱ አምታታ። ባምታታ ቁጥር የአባቴ ፊት ፈካ፤ አልዋሽም፣ እኔም ደስ አለኝ።

«ይኸ ሰው አገሩን አያውቀውም! የሞተው የሌላ ሰው ልጅ ነው» አለ አባቴ። «ለመሆኑ አስከሬኑን በምን አሻገራችሁት? በጀልባ?»

«ኧረ ምን ጀልባ አለ ጋሼ! ውሃ መች ነበረውና? አሸዋ ብቻ፣ አልፎ አልፎ ኩሬ። ተሸክመን በእግራችን ተሻገርን።»



አንዱ ሽማግሌ አባቴን ሊያግዘው ፈልጎ፣ «ምነው፣ ይኸን የሚያህል ወንዝ ይደርቃል እንዴ?» አለ። ሁላችንም ዓይን ዓይኑን አየነው። አይደርቅም ቢል ሽማግሌዎቹ መርዷቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር። ምናለ ባያውቅ ብዬ ተመኘሁ።

«ይደርቃል» አለ አባቴ። «በበጋ ይደርቃል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሂጂ እናትሽን ጥሪያት። ምንም እንዳትነግሪያት፤ እኔ እነግራታለሁ።»