ከኋላ ወንበር ላይ ክብደት የሚሆን ሰው

ዛሬ ጠዋት አባዬ ቱሪስት ያመላልስበት የነበረውን መኪና የኋላ ብራቾዎች ግቢያችን ውስጥ ብቻዬን ቀየርኩ። ብራቾ ጎማውን ከመኪናው ሆድ ጋር የሚያያይዘው የብረት ክንድ ነው። የዛገው ቡሎን እንዲላላልኝ ነጭ ጋዝ ሳፈስበት፣ ሽታው ወደ ስምንት ዓመቴ መለሰኝ።

ያን ቀን አባዬ ይህንኑ ሥራ ይሠራ ነበር። እማዬ አረብ አገር ልትሄድ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርሳት እሱ ነው። ቡሎኑ ደግሞ የሚጠብቀው መኪናው ካነሣው ክሪክ ወርዶ ሰው ሲጫንበት ነው፤ በባዶው ከጠበቀ ብራቾው ጫፍ ውስጥ ያለው ላስቲክ ቶሎ ይቀደዳል። ስለዚህ እኔንና እማዬን ከኋላ አስቀመጠንና ከሥር ገባ።

«አንተ ሰውዬ፣ አውሮፕላኑ ሊያመልጠኝ እኮ ነው!»

«ገና ነው፤ አትነሡ።»

«ምን አለበት ይኼን ያህል? ልትበጥሰው ነው?» ብላ ሳቀች።

«ገና ነው አልኩሽ።»

የመፍቻው ድምፅ ግን ከቆመ ቆይቷል። እማዬ ሳቋን አቁማ እጄን ያዘች። እኔ ቡሎኑ እምቢ ያለው መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ራሴ ሳጠብቀው የሁለት ደቂቃ ሥራ ሆኖ አገኘሁት።

እማዬ አልተመለሰችም። አባዬም ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ከተቀበረ ዓመት አለፈው። ጎረቤት እንዳልጠራ «ሴት ልጅ መኪና ሥር ምን ትሠራለች» የሚለው ወሬ ሰልችቶኛል። ስለዚህ ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት ሰው የሚያህል ድንጋይ ጭኜ አጠበቅኩት።

አሁን ሥራው አልቋል። ድንጋዮቹን ግን አላወረድኳቸውም።