ለአሞራው ቤት የተመረጠው መነጽር

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «አሞራው» በሚለው ቅጽል ስሙ ነበር። ስሙን ያወጡለት የግንባታ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ጠዋት አንዴ ወደ ላይ ከወጣ ለምሳ እንኳ አይወርድምና። ሥራው የማማ ክሬን መንዳት ነው። ከመሬት ሲያዩት የክብሪት ሣጥን በምታክል የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ብረቱንም ሲሚንቶውንም ወደ ሰማይ ሲያነሣ ዕድሜውን ጨረሰ። በከተማው ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ስንቱ በእሱ እጅ እንደቆመ ሲጠየቅ፣ «እኔ ያነሣሁት ዕቃውን ነው፤ ያቆሙት ሌሎች ናቸው» ብሎ ያልፈዋል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከፍታ የሚባል ነገር ጠላቷ ነው። መጋረጃ ለመስቀል ወንበር ላይ ስትወጣ እንኳ አንድ ሰው ቀሚሷን ካልያዘላት አይሆንላትም። ገና አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ አንድ ቀን ምሳ ይዛለት ሄዳ፣ «የት ነው ያለው?» ብትል ዘበኛው ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረላት። ቀና ብላ ብታይ ራሷን አዞራት፤ ምሳውን ለዘበኛው ሰጥታ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራው ጠይቃው አታውቅም፤ እሱም አይነግራትም። ማታ ሲመጣ «እንዴት ዋልክ?» ትለዋለች፤ «ደኅና» ይላታል፤ በዚያው ወደ እራት።

በኋላ የአሞራው ዳሌ እያመመው መጣ። ሐኪሙ የራጁን ፊልም ወደ ብርሃኑ አቅንቶ አየና፣ «ከእንግዲህ መሰላል የሚባል ነገር ይቅርብዎት» አለው። ጡረታ ወጥቶ ቤት ዋለ። ቤት የዋለው ግን ሥጋው ነው እንጂ ልቡ አልነበረም። ሲያወሩት ይሰማል፣ ይመልሳል፤ ዐይኑ ግን መስኮቱ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ፣ ጓሮ የውሃ ታንከሩ የተቀመጠበት የብረት ማማ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ አገኘችው።

«አንተ ሰው፣ ምን ልትሠራ ወጣህ?»

«ምንም። ላይ ልሁን ብዬ ነው።»

«ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው?»

«እሱማ አልረሳሁትም» አለና ዳሌውን እየደገፈ፣ እያቃሰተ መውረድ ጀመረ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እግሩ መሬት እስኪነካ ጠበቀች።

ይህን ሁሉ ልጃቸው በመስኮት አይታለች። ልጅቱ ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ከሥራ መልስ ደግሞ ጌም ተጫዋች። መኝታ ቤቷ ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር ዕቃውን አንድ በአንድ እየገዛች ራሷ ነው የገጣጠመችው። የምትወደው አውሮፕላን የማብረር ጌም ነው፤ ለእሱ ብላም ዐይን ላይ የሚጠለቅ የቪአር መነጽር ልትገዛ ስታስብ ከርማለች። ያን ዕለት እራት ላይ አባቷን አየት አደረገችው።

«አባዬ፣ መነጽር ልመርጥ ነው። አብረኸኝ ሂድ።»

«የምን መነጽር? ዐይንሽን አመመሽ?»

«የሚያዩበት ሳይሆን የሚገቡበት ነው። ከኮምፒውተሬ ጋር ይያያዛል። ስታጠልቀው ክፍሉ ይጠፋና ሌላ ቦታ ትሆናለህ።»

«ወደ ኋላ ዞር ብልስ?»

«ከኋላህ ያለውን ታያለህ።»

«ቀና ብልስ?»

«ሰማዩን።»

አሞራው ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። «ወደ ታች ባይስ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«መሬቱን ታያለሃ፣ አባዬ።»

እናቲቱም ልሂድ አለች። ምክንያቷ አጭር ነው፤ ቤቴ የሚገባውን ዕቃ እኔ ሳላየው አይገባም ነው።

ሱቁ የአንድ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ሻጯ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ፈገግታዋ ቶሎ የሚመጣ ወጣት ናት። ወለሉ ላይ በቢጫ ፕላስተር አራት ማዕዘን ተሠርቷል፤ መሞከሪያው እሱ ነው። መደርደሪያው ላይ ሦስት መነጽሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «ዐይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል» አለች ሻጯ፤ «በወሬ አይግዙ፤ ሁሉንም ይሞክሩ።»

የመጀመሪያው ገመድ የለውም። ምስሉ ከኮምፒውተሩ በአየር ነው የሚመጣለት። ቀላልና ምቹ ነው፤ ነገር ግን ልጅቱ ጭንቅላቷን ፈጠን አድርጋ ስታዞር ምስሉ ዘግየት ብሎ ይከተላታል። «እኛ ቤት ደግሞ ዋይፋዩ ራሱ አንካሳ ነው፤ ከዚህም ይብሳል» ብላ አወለቀችው። ሁለተኛው ባለ ገመድ ነው፤ ከበድ ይላል፤ ጥራቱ ግን ከሦስቱም ይበልጣል። ልጅቱ ወራት ሙሉ ስታነብለትና በቪዲዮ ስታየው የከረመችው ይህንኑ ነው። ወስዳ አባቷ ጭንቅላት ላይ አጠለቀችው፤ ሻጯ ከኋላ ማሰሪያውን አጠበቀችለት።

«አሁን የረጅም ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነዎት፣ አባቴ። ካዞረዎት ይንገሩኝ።»

 የአሞራው ትከሻ ቀስ ብሎ ወረደ። አንገቱን ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ። ከዚያም ብዙ ሰው የማይደፍረውን አደረገ፤ ወደ ጣሪያው ጠርዝ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቁልቁል አየ። ሻጯ እጇን ዘረጋች፤ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ሲደርስ ይጮኻል ወይ ይቀመጣል። እሱ ግን ቆመ። ቆይቶ ቆይቶ ሁለት እጆቹ በየጎኑ ከፍ አሉና ባዶውን አየር ጨበጡ። ግራው ወደ ፊት ገፋ፣ ቀኙ በትንሹ ወደ ኋላ ሳበ።

«ምን እያደረገ ነው?» አለች ሚስቱ።

«እየነዳ ነው፣ እማዬ» አለች ልጅቱ።

መነጽሩን ሲያወልቅ ፊቱ ላይ የስፖንጁ ምልክት ታትሟል። የቆመበትን ሱቅ ዞር ዞር ብሎ አየው፤ ከሩቅ አገር እንደመጣ ሰው። «ነፋስ ብቻ ነው የቀረው» አለ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺም እዪው።»

«እኔን ተዉኝ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም።»

«ቁጭ ብለሽ። እጅሽን እይዝልሻለሁ።»

እንዲህ ብሎ ለምኗት አያውቅም። እሺ አለች። ወንበር ቀረበላትና አጠለቁላት፤ ወዲያው ግን «ኧረ ሁለት ሁለት ሆነብኝ፤ አዞረኝ» ብላ ገፋችው። ሻጯ ትንሽ ማስመሪያ አምጥታ በዐይኖቿ መካከል ያለውን ርቀት ለካች።

«የእናታችን ዐይኖች ይቀራረባሉ። የዚህኛው ሌንስ ደግሞ ወዲያና ወዲህ አይልም። ይኼኛውን እንሞክርላቸው።»

ሦስተኛው መነጽርም ባለ ገመድ ነው፤ ጥራቱ ከሁለተኛው ያንሳል። ጎኑ ላይ ግን ሌንሶቹን የምታቀራርብና የምታራርቅ ትንሽ መዘውር አለችው። ሻጯ መዘውሯን በቀስታ ስታዞር እናቲቱ አገጯን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ የባሏን እጅ ጨምድዳ ይዛ ነበር።

«እዚያ ላይ ተዪው» አለች በድንገት። «አሁን አንድ ሆነ።»

አገጯ ቀስ እያለ ቀና አለ። ከተማው በጠዋት ብርሃን እግሯ ሥር ተዘርግቷል። መንገዱ እንደ ክር ቀጥኗል፤ ጣሪያዎቹ እሷ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ እንደምትበትነው የጨርቅ ቁራጭ ናቸው። የወፍ መንጋ ከእሷ በታች አለፈ፤ ጀርባቸውን ነው ያየችው። በዕድሜዋ የወፍ ጀርባ ከላይ ሆና አይታ አታውቅም። ነፃ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጅቱ «እናውልቅልሽ?» ብትላት ራሷን ነቀነቀች፤ አታውልቁብኝ ነው።

«ይህን ነው ስታይ የኖርከው?» አለች በመጨረሻ።

«ይህን ነው። ይህ እንዲያውም ትንሹ ነው። ክረምት ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከእኔ በታች ይተኛል። ከተማ የሚባል ነገር አይታይም፤ የሌሎቹ ክሬኖች ጫፍ ብቻ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። ከዚያ ፀሐይዋ ከጉሙ ውስጥ ትወጣለች።»

«ብቻህን ሆነህ?»

«ብቻዬን።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ላዞርሽ? ደግሞስ በምን ቃል ልንገርሽ?»

«እኔ እኮ» አለች፣ «ብረት ስትጎትት የምትውል ነበር የሚመስለኝ።»

ልጅቱ ሁለተኛውን መነጽር አነሣች፣ አገላብጣ አየችው፣ መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። የወራት ምኞቷ ነበር። «ያንን ጠቅልዪልኝ» አለች፤ እናቷ ጭንቅላት ላይ ያለውን እያሳየች።

ሻጯ ሣቀች። «እስኪያወልቁ ልጠብቅ ወይስ ከነእሳቸው ልጠቅልል?»

ቤት ሲደርሱ የልጅቱን አልጋ ወደ ግድግዳ ገፉት፤ ቁም ሣጥኑ ወደ ኮሪደር ወጣ። አሞራው ገመዱ እግር እንዳይጠልፍ ብሎ ልጁን ኮርኒሱ ላይ መንጠቆ አስተከላትና በዚያ አሰቀላት። ልጅቱ ክሬን የሚነዳበት ጌም ፈልጋ አገኘች። እሱ የመጀመሪያውን ቀን ምሳ ሰዓት አለፈው፤ ጠርተውት ጠርተውት ሰለቻቸው። «ልማድ ነው፤ ምሳ ላይ አይወርድም» ብላ ሚስቱ ድርሻውን ከደነችለት።

እሷ ግን ለመንዳት ጊዜ ወሰደባት። መጀመሪያ ማየት ብቻ፣ ያውም ተቀምጣ። ቀጥሎ ቁልቁል ማየት። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ «እስቲ እኔም ላንሣ» አለች። አሞራው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና በስክሪኑ የምታየውን እያየ፣ ከታች በሬዲዮ ምልክት እንደሚሰጥ ሰው ይነግራት ጀመር።

«ወደ ግራ። ቀስ። ዕቃው ይወዛወዛል፣ ተዪው ይረጋጋ። አዎ። አሁን አውርጂ፣ አውርጂ… በቃ።»

«አረፈ?»

«አረፈ።»

እሷ ግን አላወለቀችም። ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ተቀመጠች። ጌሙ ውስጥ ጀንበር እየጠለቀች ነበር። ልጅቱ እጇን አጣጥፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«እማዬ፣ ተራዬ ነው። አውሮፕላኔ ቆሞ ይጠብቀኛል።»

«ይጠብቅሽ» አለች እናቷ፤ «ይቺ ፀሐይ ትግባልኝ።»