ጋቢናው ሰው አለው

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው መንገድ ላይ ዳንኤልን የማያውቅ ሰው ከተገኘ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ በእግሩ ብቻ የሚሄድ ነው። ዳንኤል የሚኒባስ ሹፌር ነው። መኪናዋ የነጋዴው የከድር ናት፤ ከድር ራሱ ግን «የዳንኤል መኪና» እያለ ነው የሚጠራት። ጎረቤቴ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ ረጋ ያለ፣ ድምፁ ከሞተሩ ድምፅ የማይበልጥ ሰው ነው። አንድ አመል ብቻ አለበት። መንገድ ዳር እጁን ያነሳ ሰው ካየ ማለፍ አይችልም። መኪናዋ ጢም ብላ ሞልታ እንኳ ይቆምና «እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። አንድ ጊዜ ራሱን ለማከክ እጁን ላነሳ ገበሬ ቆሞ፣ ሰውየው ይሉኝታ ይዞት ተሳፍሯል።

የዚህች መኪና ጋቢና የአንድ ሰው ነው። መሃለኛው ወንበር ከተሰበረ ወዲህ የመፍቻ ሳጥን ተቀምጦበታል። ስለዚህ ጋቢና ማን ይቀመጥ የሚለው በዳንኤል ዘንድ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሽማግሌ ካለ ለሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር ካለች ለነፍሰ ጡር፣ ፓስተር ካለ ለፓስተር፣ ማንም ከሌለ ለመምህር። የመጨረሻውን የጠቀስኩት መምህር ስለሆንኩ ብቻ ነው። ልጁ ሆሳዕና ግን ከትንሽነቷ ጀምሮ በአባቷ መኪና ስትሄድ የምትቀመጠው ከሹፌሩ ጀርባ፣ ሞተሩ ከታች በሚያሞቀው፣ መደገፊያ በሌለው ቦታ ነው። አንዳንዴ ቀድማ ጋቢና ገብታ ትገኝ ነበር። ያኔ አባቷ «ሆሲዬ» ይላታል። ሌላ ቃል አይጨምርም። እሷም ትነሳለች።

ዘንድሮ ሆሳዕና ፈተናውን አለፈችና ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። እናቷ ወለላ ለሰፈሩ ሁሉ በደስታ ተናገረች፤ ከዚያ ደብረ ብርሃን የት እንደሆነ ካርታ ላይ አሳየኋት፤ ከዚያ አለቀሰች። ካርታውን ያወጣሁት እኔ ስለነበርኩ ጥፋቱ የኔ ሆኖ ቀረ።

ከመሄዷ በፊት ምን ይደረግልሽ ብለው ሲጠይቋት ሁሉም ስልክ ትላለች ብሎ ጠብቆ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ቤኪ፣ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ቢሆንም፣ የሚገዛላትን ስልክ መርጦ፣ አሮጌውን በልቡ ተረክቦ ጨርሷል። እሷ ግን ሽርሽር አለች። አራቱ ብቻ የሚሄዱበት፣ እሷ ከቤት ተነስታ ቤት እስክትመለስ ጋቢና የምትቀመጥበት ሽርሽር። ዳንኤል ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ግን «በቃ፣ ሰው አልጭንም» ብሎ ቃል ገባ።

ወዴት ይኬድ በሚለው ላይ ቤቱ ተከፈለ። ቤኪ ሐዋሳ አለ፤ ሐይቅ፣ ዓሣ፣ ፎቶ የሚያምርበት ቦታ ቆጠረ። አባቱ ጌጫ አለ። ዕድሜ ልኩን ቴፒ መናኸሪያ እየደረሰ ሲዞር ከዚያ ወዲያ ወደ ጌጫ የሚወጣውን ዳገት አይቶት አያውቅም፤ ያምረው ነበር። ቤኪ ጌጫ ምን አለ ብሎ ጠየቀ። ብርድ አለ ተባለ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን አላናገራቸውም።

እኔ ለሽርሽሩ በተቆረጠው ቅዳሜ ቴፒ ጉዳይ ነበረኝ። የሚዛን ጠጋኞች ሁሉ ተስፋ የቆረጡበት ቴሌቪዥኔ እዚያ ጥገና ላይ ነበር። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ሳለ የዳንኤል መኪና መጣች፤ እጄን አነሳሁ። መኪናዋ አለፈችኝ፣ ትንሽ ሄዳ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ኋላ መጣች። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የቤኪን ፊት ነው። «ሰው አልጭንም ብለህ ነበር እኮ» እያለ ነበር።

«መምህር እኮ ሰው አይደሉም፤ ጎረቤት ናቸው» አለ ዳንኤል።

ሆሳዕና ጋቢና ውስጥ፣ አዲስ ሹራቧን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አባቷ አንገቱን ወደ እሷ ማዞር ሲጀምር እኔ በራሴ ፈቃድ ወደ ኋላ ገባሁ። ይህ ይመዝገብልኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን እኔን አይመለከትም። ጥቂት እንደሄድን ሙዝ የተሸከሙ እማማ አማረች እጃቸውን አነሱ። እሳቸውም ሰው አልነበሩም፤ የዳንኤል ጓደኛ እናት ናቸው። ቀጥሎ ሁለት ወጣቶች ተሳፈሩ፤ እነሱም ሰው አይደሉም፣ ባለፈው ጎማ ሲፈነዳበት ያገዙት ልጆች ናቸው። ወለላ ለሽርሽር የጋገረችውን ዳቦ ለእያንዳንዱ መጪ እየቆረሰች አደለች፤ ባሏን በዓይኗ እየቀጣች፣ እንግዳውን በእጇ እያስተናገደች። ቤኪ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ወትፎ ዓይኑን ጨፈነ። ጋቢናው ግን እስከዚያ ድረስ የሆሳዕና ነበር።

ሸኮ መግቢያ ላይ ፓስተር ፍቅሩ ቆመው ነበር። እጃቸውን እንኳ አላነሱም፤ መኪናዋን ሲያዩ ፈገግ ብቻ አሉ። ዳንኤል ቆመ። ፓስተሩ እንደ ልማዳቸው ወደ ጋቢናው በር መጡ።

«ሆሲዬ» አለ ዳንኤል።

ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወረደች። አላጉረመረመችም፤ ፊቷንም አላጠቆረችም። መጥታ ከአባቷ ጀርባ፣ ያቺው መደገፊያ የሌላት ቦታ ላይ ተቀመጠች። ብትናደድ ይሻለኝ ነበር።

ቴፒ ስንደርስ ሁሉም ወረደ። እኔም ወርጄ ጥገና ቤቱ ድረስ ሄድኩ፤ ባለሙያው ሠርግ ሄዷል ተባልኩ። ወደ መኪናዋ ስመለስ ወለላ ለወጉ ያህል፣ ከእኛ ጋር ጌጫ ደርሰው አይመለሱም ወይ አለችኝ። እንዲህ ያለ ግብዣ እንደማይቀበሉት አውቃለሁ። ግን ጌጫን አይቼ አላውቅም፣ ምሳም ደርሷል። እሺ አልኳት። ቤኪ ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ አየኝ፤ ከዚያ መልሶ ወተፈው።

ከቴፒ ወዲያ ዳንኤል ሌላ ሰው ሆነ። ዳገቱን ይዘን ስንወጣ በመንገድ ዳር የሚሄዱትን ሁሉ ጡሩምባ እየነፋ ሰላም አለ፤ ማንም አልመለሰለትም። የሚያውቀው የለም፣ የሚያውቁትም የሉም። ጋቢናው ባዶ ነበር። «ሆሲዬ፣ አሁን ነይ» አላት። እሷ እዚሁ ይመቸኛል ብላ መስኮት መስኮቱን አየች። እሱ በመስታወቱ እሷን አየ። እስከ ጌጫ መንገዱን ያየው ለግማሽ ጊዜ ቢሆን ነው፤ ያ ዳገት ደግሞ ሙሉ ዓይን ይፈልጋል።

ጌጫ ጉም ውስጥ ነበረች። ብርዱ እንደተባለው አልጎደለም። ፎቶ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ፤ ወለላ አንገቷ ድረስ ብቻ ነው የወጣችው፣ ቤኪ ደግሞ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቶ ነው የወጣው። ከዚያ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብተን ጥብስ አዘዝን። ዳንኤል ጥሩ ጥሩውን ሥጋ እየመረጠ ወደ ልጁ ፊት ይገፋ ነበር። እሷ ሳህኑን እያየች፣ ለእሱ ብቻ በሚመስል ድምፅ ተናገረች።

«አባዬ፣ ሰዎቹን መጫንህ ምንም አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ እኔን ባታስነሳኝ ብዬ ነው።»

ዳንኤል የጎረሰውን ማኘክ አቆመ። ወለላ አንገቷን ደፋች። ቤኪ እንኳ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔም በዚያች ሰዓት ቴፒ ብቀር ኖሮ ብዬ ተመኘሁ፤ ጥብሱን ግን አልተውኩም። ዳንኤል ሒሳብ ሊከፍል ተነሳ፤ ሒሳቡን ከፍሎም ብዙ ቆየ።

ስንወጣ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ሆሳዕና ወደ ኋላው በር ስትሄድ አባቷ ቀድሟት የጋቢናውን በር ከፈተና እንደያዘ ዝናቡ ላይ ቆመ። እስክትገባ ድረስ ትከሻው ረጠበ። ገባች። እስከ ቴፒ ድረስ ግን ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወለቀችም፤ የምትነሳ ሰው አቀማመጥ ነበር የተቀመጠችው።

ቴፒ መናኸሪያ አጠገብ ስንደርስ ፓስተር ፍቅሩ ጉዳያቸውን ጨርሰው፣ ከአንድ ሱቅ ጣሪያ ሥር ተጠልለው ቆመዋል። ዳንኤል ቆመ። መቆሙማ የማይቀር ነው። ፓስተሩ ጃኬታቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው ወደ ጋቢናው በር ሮጡ። ሆሳዕና ማንም ሳይነግራት ልትነሳ እጇን ወደ በሩ እጀታ ላከች።

«ተቀመጪ» አላት አባቷ።

ከዚያ አንገቱን በእሷ በኩል ወደ መስኮቱ አሰገገ። ፊቱ ቀልቷል፤ እንዲህ ያለ ነገር ለፓስተር ተናግሮ አያውቅም።

«ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጋቢናው ሰው አለው።»

ፓስተሩ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አዩ። ልጅቷን አይተው ሲያበቁ ሌላ ሰው ፈለጉ። ማን ነው ብለው ጠየቁ።

«ልጄ ናት» አለ ዳንኤል።

ፓስተሩ ዝናቡ እየደበደባቸው ሳቁና መጥተው ከኔ አጠገብ ተቀመጡ። እስከ ሚዛን ስለ ትዕግሥት አስተማሩኝ፤ የትዕግሥቱ ትምህርት ለኔ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። ዳንኤል በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ጫነ። ቤኪ ሳይጠየቅ በሩን ይዞ፣ ገና ባልጠናው ድምፁ «ሸኮ፣ ሚዛን! ሸኮ፣ ሚዛን!» እያለ ተጣራ፤ ሐዋሳን የረሳ መሰለኝ። አባትና ልጅ ከፊት ያወሩ ነበር። ስለ ምን እንደነበር ፓስተሩ አላሰሙኝም። ሆሳዕና ቦርሳዋን አውልቃ እግሯ ሥር እንዳስቀመጠች ግን አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ሁለቱም ጮክ ብለው ሳቁ፤ ወለላም ለምን እንደሚስቁ ሳታውቅ አብራ ሳቀች።

ከሳምንት በኋላ ሆሳዕና ሄደች። ጠዋት አውቶቡሱ ሲነሳ ወለላ አለቀሰች፤ ዳንኤል አላለቀሰም። ሥራ አለኝ ብሎ ቀጥታ ወደ ተራው ሄደ። እኔም ቴሌቪዥኔ ተሠራ ተብዬ ስለነበር ልሳፈር መጣሁ። መኪናዋ ከኋላ ልትሞላ ምንም አልቀራትም፤ ጋቢናው ግን ባዶ ነበር። ሽማግሌ የለም፣ ነፍሰ ጡር የለችም፣ ፓስተርም የሉም። ኮቴን አስተካክዬ እጀታውን ያዝኩ።

«ሰው አለው፣ መምህር» አለ ዳንኤል። ወደ ፊት እያየ ነው የተናገረው።

ሄጄ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተጣብቤ ተቀመጥኩ። ሞተሩ ተነሳ፤ ወደ ጋቢናው የገባ ሰው አልነበረም። ረዳቱ ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ የሹፌሩን ፊት ሲያይ ተወው። ሸኮ ላይ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ገባችና በእኔና በሌላ ሰው መሃል ተጨናንቃ ተቀመጠች። «ሰው አለው» የተባለችበትን ባዶ ጋቢና አይታ ተናደደች።

«ሰው አለው ይላል እንዴ? ማን አለ እዚያ?» አለችኝ።

«ልጁ ናት» አልኳት።