ሬክስ የሚጮህባቸው ሰዎች

መምህር ጥዑመልሳን ስለ ውሻው ማውራት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። የጋምቤላው ኒውላንድ ሰፈር ሰው ይህን ስለሚያውቅ ቀድሞ ስለ ሙቀቱ ያነሳል፤ አይሳካለትም እንጂ። "ሙቀት አልክ? የዚህ ውሻ ፀጉር እኮ ድርብ ነው፤ ለጀርመን ብርድ የተሠራ!" ብሎ ይጀምራል። ከዚያ አንድ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ከመቶ ዓመት በፊት የበግ ጠባቂ ውሾችን እየመረጠ ጀርመን ሼፐርድ የሚባለውን ዝርያ እንዴት እንዳወጣ፣ ውሾቹ በጉን ትተው ፖሊስ ቤትና ጦር ሰፈር እንዴት እንደገቡ፣ ዓይነ ስውራንን እንዴት እንደመሩ ይተርካል። ስለ ራሱ ብዙ አያወራም። ደብረ ታቦር ተወልዶ፣ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኖ ጋምቤላ ተመድቦ፣ ወለላን አግብቶ እዚሁ ቀርቷል። ሬክስን ከአዲስ አበባ በካርቶን ይዞት የመጣው ገና ጆሮው ሳይቆም ነው።

ከሁሉ የሚያኮራው ግን አንድ ጠባዩ ነው። "ይሄ ዝርያ ጌታውን ነው የሚያየው። ሳልናገር የልቤን ያውቃል" ይላል ደረቱን ነፍቶ።

ችግሩ ሬክስ ሲጎለምስ መጣ። የጥዑመልሳን የሥራ ባልደረባ አሸብር፣ እንደ እሱ ደገኛ ነው፣ ሲገባ ጭራውን ይቆላለታል። የአጥር ጎረቤታቸው ኛዴንግ ስትመጣ ግን ግቢው ይናወጣል። በእሷ ብቻ አይደለም፤ በልጆቿም፣ ሊጠይቋት በሚመጡ ዘመዶቿም ይጮሃል። ኛዴንግ ወለላ ስትወልድ ከአራስ ቤት ያልተለየች፣ የባሮ ዓሣ ሲመጣላት ግማሹን የምታካፍላቸው ሴት ናት።

ጥዑመልሳን መልስ አያጣም። አንድ ቀን አሸብር ተቀምጦ ሳለ ኛዴንግ ዓሣ ይዛ በር ላይ ደረሰች፤ ሬክስም አምባረቀባት።

"አይዞሽ፣ ዝርያው ነው! እንግዳ ሰው ይለያል" አላት ጥዑመልሳን እየሳቀ።

"መምህር፣" አለች ኛዴንግ ሳህኑን ለወለላ እያቀበለች፣ "እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት። እንግዳ ማን ነው?"

አሸብር ሳቀ። ጥዑመልሳንም አብሮ ሳቀ፤ ፊቱ ግን ጋለ። ከዚያ ወዲህ ኛዴንግ በዚያ በር ስትገባ አላያትም።

ወለላ አኮረፈች። "ጎረቤቴን መልስልኝ" አለችው። እሱም ውሻው ሰው ይልመድ ብሎ አመሻሽ ላይ በገመድ ይዞት ይወጣ ጀመር። የኛዴንግ ወገን የሆኑ ወጣቶች ከፊት ለፊት ሲመጡ ገመዱን ሳያውቀው መዳፉ ላይ ጠቅልሎት ያገኘዋል። ከተማው አንድ ሰሞን በግጭት ከተረበሸ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው ብሎ አለፈው።

አንድ ቀን የከሰዓት ክፍለ ጊዜው ቀርቶለት ቀደም ብሎ ተመለሰ። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ማንጎው ሥር ወለላና ኛዴንግ ተቀምጠዋል፤ ሬክስ አገጩን ኛዴንግ እግር ላይ ጥሎ ተዘርግቷል። በቋንቋዋ የሆነ ነገር እያለችው ጆሮውን ታሻሸዋለች። እሱ በሌለበት ሰዓት እንደምትመጣ ያኔ ገባው። ቢሆንም ደስ አለው፤ "አየሽ፣ ለመደሽ!" ሊላት አፉን ከፈተ።

ሬክስ ቀና አለ። ጌታውን ሲያይ ሮጦ መጥቶ ጉልበቱ ሥር ቆመ። ከዚያ ዞሮ ኛዴንግ ላይ ይጮህ ጀመር።

"ዝም በል!" ቢለው አልሰማውም። ኛዴንግ አልደነገጠችም፤ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች፤ የምታየውም ውሻውን ሳይሆን እሱን ነበር። ወለላ አንገቷን ደፋች።

ጥዑመልሳን የሚያደርገው ቢጠፋው ወደ ኋላ ተራምዶ ከገዛ ግቢው ወጣ፤ በሩንም ከውጭ ሳበው። ጩኸቱ ትንሽ ቆየና ጸጥ አለ። ኛዴንግ ውሻውን በዝግታ ስታናግረው ሰማ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሞ "እኔ ሰው አልለይም" ሲል የኖረ ሰው ነው። ይቅርታ ሊጠይቃት ፈለገ፤ ለዚህ ደግሞ መግባት አለበት። እጁን በሩ ላይ አድርጎ ቆመ። በባጃጅ የሚያልፉ ተማሪዎቹ ሰላም ሲሉት ቀና ብሎ አላያቸውም። በሩን እንደከፈተ ሬክስ እንደገና እንደሚጮህባት ያውቃል።