በልጄ ቁርስ ቤት በር ላይ

ልጄ ቁርስ ቤቷን ከቤቴ አውጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው በር ልትወስደው እንደሆነ የነገረችኝ ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ሲል ነው። ጊዜውን እንኳ አልመረጠችም። ሰው ስለ ኃጢአቱ በሚያስብበት ሳምንት እኔ ስለ እንቁላል ፍርፍር ሳስብ ሰነበትኩ።

ቤቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ መንገድ ዳር ነው። የፊት ለፊቱን ክፍል የሰጠኋት ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ አጥታ ስትቀመጥ ነበር። ኪራይ አልጠየቅኋትም። የጠየቅኋት ረቡዕና ዓርብ፣ በሌላውም ጾም፣ ፍስክ እንዳይሠራበት፣ በጾም ቀን ደግሞ ከስድስት ሰዓት በፊት ድስት እንዳይጣድበት ብቻ ነው። «እሺ አባባ» አለች። እኔም ነገሩ በዚያው ያለቀ መሰለኝ።

የምግብ ቤት ነገር አያውቅም የሚለኝ ካለ ይስማኝ። ከአምበር ወደ ማርቆስ የመጣሁት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ፊደል አልቆጠርኩም። መናኸሪያ ጭነት እያወረድኩ ጠዋት ጠዋት የምበላበት ጠባብ ቤት ግድግዳ ላይ የምግቡ ስም በቀለም ተጽፎ ነበር። አስተናጋጇን ምን እንዳለ ስጠይቃት ቀና ሳትል «ተጽፏል እኮ» ትለኛለች። በንዴት ተማርኩት። አጠገቤ የሚቀመጠውን ሰው ሁሉ ይህ ምን ይላል እያልኩ አሰለቸሁ። ብቻዬን መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል ቅንጬ ነው። ከዚያ ወዲያ ዳዊቱንም፣ የሕግ መጽሐፉንም፣ የጋዜጣ ቁራጩንም ማንም ሳያስተምረኝ አነበብኩ፤ አሁንም አነብባለሁ። ስለዚህ ቅንጬ ለእኔ ዝም ብሎ ምግብ አይደለም። ስንዴው ተከክቶ፣ ፍሬው እየታየ መብሰል አለበት፤ ቅቤው በኮረሪማ ተነጥሮ ከላይ ሲፈስበት፣ ቅቤው ሳይረጋ መበላት አለበት። የማርቆስ ጠዋት ብርድ እንዲህ ካልሆነ አይሸነፍም። ዛሬ በከተማው ቅንጬ ብለው የሚያቀርቡልኝ ለሕፃን የተሠራ አጥሚት ይመስላል። ፉሉም እንደዚያው ነው፤ ባቄላው እስኪጠፋ ይድጡትና ዘይት ያንሳፍፉበታል። ምሳ ሰዓት በያይነቱ ያዘዘ ሰው ደግሞ ሁሉም ወጥ አንድ ዓይነት ጣዕም ያለው ትሪ ይቀርብለታል፤ አይነቱ የቱ ላይ እንደሆነ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

የልጄ እጅ ግን እንዲህ አልነበረም። ጨጨብሳዋን ቂጣው ትኩስ ሳለ በእጇ ትቆራርሰዋለች፤ በቢላ አትቆርጠውም። ቅቤና በርበሬው እያንዳንዱን ቁራሽ ይነካዋል፤ ማሩን በጎን ታስቀምጥልሃለች እንጂ አታፈስበትም። እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ፣ ለቁርስ የረፈደ ለምሳ ያልደረሰ በሚሆንበት ሰዓት፣ የምትሠራው የቋንጣ ፍርፍር በመንገዱ ላይ ያሸታል። ከሁሉም በላይ የምወድላት ግን የጾሙን ሱፍ ፍትፍት ነው። ሱፉን ራሷ ትቆላለች፣ ራሷ ትወቅጣለች፤ ውኃው ወተት መስሎ ሲጠል ዝንጅብልና ቃሪያ ትጨምርበትና እንጀራውን ትፈተፍትበታለች። እስከ ስድስት ሰዓት ታግሦ ለቆየ ሰው ያ ፍትፍት ጉሮሮን ሲያልፍ መጾምም ዋጋ እንዳለው ይገባዋል። ይህን ሁሉ ለእሷ አልነገርኳትም። ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን ያበላሻታል ብዬ አምናለሁ፤ አሁንም ከዚህ ብዙም አልራቅሁም።

እኔ ጠዋት ጠዋት በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ እቀመጥ ነበር። ቤቱ የእኔ ነው፣ ልጅቱ የእኔ ናት፤ ማን እንደገባና ምን እንደበላ ማየት መብቴ መሰለኝ። የባጃጅ ልጆች ይመጣሉ፤ «ፋዘር፣ እንዴት አደሩ» ይሉኛል። ስንቴ ፋዘር አትበሉኝ አልኳቸው። እጃቸውን ሳይታጠቡ ሲቀመጡ አስነሣቸዋለሁ፣ ስልካቸውን እያዩ ሲበሉ እቆጣለሁ። ከወሎ መጥታ እዚህ የምታስተምር አንዲት መምህርት ነበረች፤ ዘወትር ጨጨብሳ ትበላ ነበር። አንድ ዓርብ መጥታ እንቁላል እንዳለ ልጄን ስትጠይቅ ከአግዳሚዬ ሆኜ ዓርብ መሆኑን ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። እስላም መሆኗን ቀስ ብላ ነገረችኝ። እኔም የሀገሩን ልማድ ማክበር ለማንም አይከፋም ብዬ፣ እሷ ቆማ እኔ ተቀምጬ፣ ረዘም አድርጌ መከርኳት። አመስግና ወጣች። ምክሬን የተቀበለች መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልመጣችም።

የጾም ቀን ገበያው እየሳሳ ሄደ። ማዶ ያለው ቤት ከንጋት ጀምሮ እንቁላል ስለሚጠብስ ተማሪውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ለጉዳይ የመጣውም እዚያ ይሰለፋል። የጾም ቀን የሄደ ሰው ደግሞ በፍስኩም ቀን እዚያው ይለምዳል። ልጄ ሲመሽም ሲነጋም ባዶ ወንበሮቿን ታያለች። እንግዲህ በዚያ ሳምንት ነው ዩኒቨርሲቲው በር ቤት ማግኘቷን፣ በዓለ ሃምሳ ሲያልፍ እንደምትገባ የነገረችኝ። ከእኔ ጋር መቆየት ትወዳለች፤ ግን እንዲህ ሆኖ ቤቱ ሊቆም አይችልም አለች። እኔም ቤቴን ዓርብ እንቁላል መጥበሻ አላደርገውም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ከእናቷ የወረሰችው ዝምታ ነው፤ ከጩኸት ይልቅ ያስፈራኛል።

ፋሲካ አለፈ። እኔ ዘመድ ሞቶ አምበር ለቅሶ ደርሼ፣ ከዚያም ለዘር ዝግጅት ከወንድሜ ጋር ከረምኩ። የተመለስኩት ረቡዕ ጠዋት ነው። ሚኒባሱ እንደጣለኝ አቧራዬን ሳላራግፍ ወደ ልጄ ቤት ገባሁ። ጥጉ ላይ አንድ የባጃጅ ልጅና አንድ ጥምጣም ያሰሩ ሽማግሌ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይበላሉ። ሳህናቸውን አየሁት። እንቁላል ፍርፍር ነው፤ ቅቤው ያብረቀርቃል፣ ቃሪያው ከላይ ተሰንጥቆ ተደርድሯል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ረቡዕ፣ በእኔ ቤት። ልጄ ዞር ስል ቃሏን አጠፈች አልኩ። ሄጄ ሳህኑን ከፊታቸው ብድግ አደረግሁት። ልጁን ባለጌ አልኩት፤ ሽማግሌውን ደግሞ ጥምጣም አስረው ከዚህ ጋር መቀመጥዎ አያሳፍርም ወይ አልኳቸው። ሽማግሌው ቀና ሲሉ የደብራችን መሪጌታ ናቸው።

መሪጌታ ጉርሻቸውን በዝግታ አላመጡ፤ ዋጡ። «ወንድሜ» አሉኝ፣ «በዓለ ሃምሳ እኮ ነው።»

ሁለት ወር ሁዳዴ ሲጾም የኖረ ሰው ረቡዕ ሲባል እጁ ራሱ ከፍስክ ይሸሻል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም እንደሌለ ግን ከማንም ይልቅ ለሰፈሩ ሁሉ ስናገር የኖርኩት እኔ ነኝ። አምበር እያለሁም ያለፈውን ረቡዕ ጮማ በልቻለሁ። ሳህኑን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

«ፋዘር» አለ የባጃጁ ልጅ፣ «ሳህኑን ቢመልሱልኝ። ጌታም ተነሥቷል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መሪጌታም ሳቁ። ሳህኑን አስቀመጥኩና ወደ ጓዳ ገባሁ። ልጄ ከምድጃው አጠገብ ቆማለች፤ አትስቅም። እኔ ደግሞ ያፈርኩትን ያህል ተቆጣሁ። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም፣ ለምን በሰው ፊት አዋረድሽኝ አልኳት። ሰው ሲያፍር የሚናገረውን ሁሉ ተናገርኩ።

ነገሩን እየዘረዘረች ነገረችኝ። ያለፉትን ረቡዕና ዓርብ፣ ሀገር ሁሉ ሲበላ፣ እሷ ሽሮና ሱፍ ብቻ ስትሸጥ ከርማለች፤ ደንበኛው እየገባ ይስቅባትና ይወጣል። እኔን ለመጠየቅ አልደፈረችም፤ ረቡዕና ዓርብ ብዬ ስለተናገርኩ ረቡዕና ዓርብ ነው አለች። በዛሬው ቀን መሪጌታ ራሳቸው ባያዝዙ ኖሮ አትሠራም ነበር። ከዚያ እጇን በጨርቅ ጠረገችና፣

«አባባ፣ እኔም እጾማለሁ። ጾሙን ማንም አልሸሸውም» አለችኝ። «ሰው የሸሸው እርስዎን ነው።»

ምን አደረግሁ አልኳት። መምህርቷን አነሣችብኝ። ቆማ እንደሰማችኝ፣ ውጭ ወጥታ እንባዋን እንደጠረገች፣ እስከ ዛሬ በዚህ መንገድ እንደማታልፍ ነገረችኝ። የባጃጅ ልጆችም አግዳሚው ባዶ መሆኑን ከሩቅ አይተው እንደሚገቡ ነገረችኝ። የምመልሰው ብዙ ነበረኝ። ሥነ ሥርዓት የሌለው ገበያ ገበያ አይደለም የሚል ረጅም ንግግር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አንገቷ ላይ ያለው ሥር ሲመታ አየሁና ተውኩት። በማግስቱ አግዳሚውን ወደ ጓሮ አወጣሁት። ይህን ካየች ትቀራለች ብዬ ነበር። እሷም አየችው፤ ቡና አምጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ቀብዱን እንደከፈለች፣ ሐሳቧን እንደማትለውጥ በለሆሳስ ነገረችኝ። በዓለ ሃምሳ ሲያልፍ ድስቶቿን በባጃጅ ጭና ሄደች። የጫነላት ያው ልጅ ነው።

ክረምቱን ሙሉ አልሄድኩም። እናቷ ትሄዳለች፤ ስትመለስም ሳልጠይቃት ትነግረኛለች፣ እኔም ያልሰማሁ እመስላለሁ። ክፍሉን ስልክ የሚጠግን ተከራየው፤ ቀኑን ሙሉ ዘፈን ይከፍታል፣ የእህል ሽታ የለም። በከተማው ሌላ ቤት ሱፍ ፍትፍት ሞከርኩ። ሱፉ በማሽን ተፈጭቶ የተቀመጠ ነው፤ ምሬቱ ምላሴ ላይ እስከ ማታ ቆየ።

ጥቅምት ላይ አንድ ዓርብ ከቅዳሴ ስወጣ እግሬን ወደዚያ አቀናሁ። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ግን ሞልቷል። ሲያዩኝ አንዳንዶቹ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ልጄ ከማብሰያው መስኮት አየችኝና ፊትን ወደ ግድግዳ አዙረው የሚቀመጡበት ወንበር ሰጠችኝ፤ ለምን እንደሆነ ገባኝ። መጀመሪያ ግን ወደ ማብሰያው ዘለቅሁ። የፍስኩ ምድጃ በአንድ ወገን፣ የጾሙ በሌላ ወገን ነው፤ ቢላውም መክተፊያውም ለየብቻ ነው። የጾሙ ምግብ የሚቀመጥበት ዕቃ ክዳን አለው። ማንም ሳያዛት እንዲህ ማድረጓ ደስ አለኝ። አልነገርኳትም፤ ክዳኑን ብቻ ከፍቼ ዘጋሁት። እሷም ገብቷታል መሰል ፈገግ አለች።

ፍትፍቱን አመጣችልኝ። ጎኔ አንድ ተማሪ ተቀመጠ፤ አዲስ የገባ መሆኑ ከአለባበሱ ያስታውቃል፣ ስለ ብርዱ ይነጫነጫል። ጋሼ ብሎ እዚህ ቤት ምን እንደሚሻል ጠየቀኝ። ሱፍ ፍትፍት አልኩት። እሱ ግን የፍስክ ምን ጥሩ አለ ብሎ ደገመልኝ። ዓርብ ነው፤ የጠየቀውም እኔን ነው። ከመስኮቱ በኩል የልጄ ማንኪያ መማታቱን አቆመ። ጉሮሮዬ ላይ የደረሰውን ምክር ሁሉ ከፍትፍቱ ጋር ዋጥኩት።

«እንቁላሉን እዘዝ» አልኩት። «ቃሪያ አብዢበት በላት።»

አዘዘ። መጣለት። ጥሩ ሆኖ ነው የመጣለት፤ ከዳር ሆኜ አየሁት፣ እንቁላሉ አልደረቀም፣ ሽንኩርቱም በስሏል። ጥቂት ቀማመሰና ስልኩን እያየ፣ ግማሹን ሳህኑ ላይ ትቶ ሊወጣ ተነሣ። በጾም ቀን መብላቱን ታግሻለሁ። ይህን ግን አልታገሥኩም፤ እጅጌውን ይዤ መልሼ አስቀመጥኩት።

ከመስኮቱ «አባባ» የሚል ድምፅ መጣ። ሰማሁት፤ እጅጌውን ግን ልጁ የመጨረሻውን እስኪጎርስ አልለቀቅኩም።